የጄኔሬተሩን ዘይት ማን ይቀይራል?

በዚህ አምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝና ሠራተኛ እናት ጊዜዋን እንዴት እንደምታብቃቃ ደጋግመን ጽፈናል። የዛሬው ርእሳችን ግን አንዳንድ አንባብያንን «ይህ ደግሞ የጋራዥ እንጂ የቤተሰብ ገጽ ጉዳይ ነው እንዴ?» ሳያሰኝ አይቀርም። ጉዳዩ የሞተር ዘይት ነው። ይኸውም የመኪና ሳይሆን፣ በየጓሮው፣ በየሱቁ በረንዳና በየፀጉር ቤቱ ጀርባ የተቀመጠችው የትንሿ የቤንዚን ጄኔሬተር ዘይት ነው። የሣር ማጨጃውም ማሽን ሞተሩ የዚችው ዘመድ ስለሆነ ኋላ እንመጣበታለን።

ነገሩን እንዳነሳ ያደረገኝ በሠፈራችን የደረሰ አንድ ጉዳት ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት አነስተኛ ፀጉር ቤት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ አሉ። ሁለት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት፣ የሱቁን ኪራይ የሚከፍሉትና አንዲት ረዳት የሚያሠሩት በዚያች ባለ ሁለት ካስክ ክፍል ገቢ ነው። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በማነሱ መብራት በፈረቃ ይታደል በነበረበት ጊዜ፣ ወይዘሮዋ የእቁብ ዕጣቸው ሲደርሳቸው ያሰቡትን ቁም ሳጥን ትተው ጄኔሬተር ገዙበት። የፈረቃው ጊዜ ካለፈም በኋላ መስመር ሲበጠስ ወይም የሠፈሩ ትራንስፎርመር ሲበላሽ ማሽኗ ሥራ ፈትታ አታውቅም ነበር።

ባለፈው ፋሲካ፣ ቅዳሜ ሹር ረፋድ ላይ፣ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ሹር ለፀጉር ቤት ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ለሴት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ሴቶች ካስክ ውስጥ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ፀጉራቸው ታጥቦ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ተራ ይጠብቃሉ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ድምፁ እየከበደ ሄደ፤ ቀጥሎም ብረት ከብረት ሲማታ ዓይነት ድምፅ ተሰማና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ገመዱን ማንም ጎልማሳ ቢስበው አልንቀሳቀስ አለ። ሴቶቹ ቢጎዲናቸውን እንደያዙ በሻሽ ጠቅልለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ወይዘሮዋ በዚያን ዕለት ያጡትን ገንዘብ ለኔ አልነገሩኝም፤ ፊታቸው ግን ይናገር ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ መጥተው ማሽኗን ሲፈቱ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትተው ሣህን ደቀኑበት። የወጣው ነገር አንድ ሲኒ አይሞላም፤ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወፍሯል። በጣታቸው መሐል አሹት።

«ልጄ፣ ዘይቱን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርሽው መቼ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንጨምርበታለን እኮ! ልጁ በየጊዜው ጠብ ያደርግበታል።»

«መጨመሩን አላልኩሽም። ቀይረሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ወይዘሮዋ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ የኔም ቤት ጄኔሬተር ትዝ ብሎኝ ነበርና።

ሽማግሌው ሌላም ነገር አሳዩን። ማሽኗ ስትገዛ፣ የዘይቱ መጠን ከልክ በታች ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነበራት። አምና «እየጠፋች አስቸገረች» ተብሎ የተጠራ አንድ ጎረምሳ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ ነቅሎ በቴፕ ጠቅልሎት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ማሽኗ መጥፋት አቆመች፤ ሁሉም ደስ አለው። መጥፋቷ «ዘይት አልቆብኛል» ማለቷ እንደነበር የተረዳ አልነበረም። በውስጧ ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ዘይት አጥቶ ግሎ ተጣብቆ ተሰብሯል። የጥገናው ዋጋ የአዲስ ማሽን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን «የኛን ዘይት መቼ ነው ያስቀየርከው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እኮ አንቺ የምታስቀይሪ መስሎኝ ነበር» አለ። እኔ ደግሞ እሱ የሚያስቀይር መስሎኝ ነበር። ማሽኗን ከገዛናት አራት ዓመት ሆኗታል። በማግሥቱ በመንገዳችን ላይ ያሉትን ጠየቅሁ። ጭማቂ ቤቱ «ሲጎድል እጨምራለሁ» አለ። የልብስ ሰፊዋ መልስ «ይቀየራል እንዴ?» የሚል ነበር። ፎቶ ኮፒ የምታነሣዋ ልጅ ብቻ ቀኑን ጽፋ ይዛለች፤ እሷም ብትሆን አንድ ጊዜ ተቃጥሎባት ስለተማረች ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘወትር ቅዳሜ ማታ የሲንጀር መኪናዋን ክዳን ከፍታ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጋ፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ታደርግ ነበር። ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ያ መኪና ሠላሳ ዓመት አገልግሏል፤ ባለቤት ነበረዋ! ጄኔሬተርን ግን ሚስት በእቁቧ ትገዛለች፣ ባል ተሸክሞ ያመጣል፣ ዘበኛ ያስነሣል፣ የሠፈር ልጅ ይጠግናል። ዘይቱን መቀየር የማን ሥራ እንደሆነ ከነዚህ ሁሉ መካከል የተናገረም የተጠየቀም የለም። ስለዚህ ሁሉም ያየው፣ ማንም ያልያዘው ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

መኪና ያላቸው ሰዎች ዘይት መቀየርን አይረሱም፤ ምክንያቱም ፊታቸው ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አለ፣ ጋራዡም «በዚህ ኪሎ ሜትር ተመለሱ» ብሎ ወረቀት ይለጥፍላቸዋል። ትንንሾቹ ጄኔሬተሮች ግን አብዛኞቹ ቆጣሪ የላቸውም። ቆማ ስለምትሠራም ብዙ የሮጠች አትመስልም። እስቲ እናስላ። በአገራችን ያለው መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ የተለመደችው ትንሽ ጄኔሬተር ይህንኑ ለመስጠት በደቂቃ 3,000 ጊዜ መሽከርከር አለባት። ይህ በአንድ ሰዓት 180,000፣ በ100 ሰዓት ደግሞ 18 ሚሊዮን ዙር ነው። መኪና ቢያንስ ቁልቁለት ላይ ትንፋሽ ያገኛል።

ከዚህም በላይ የሁለቱ ሞተር አሠራር ይለያያል። የመኪና ሞተር አራት ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል፤ ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕና ቆሻሻውን የሚያስቀር ፊልትሮ አለው። የትንሿ ማሽን ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊልትሮም ፓምፕም የለውም። በሥሩ ያለውን ዘይት እንደ ጭልፋ ያለች ትንሽ ብረት እየመታች ወደ ላይ ትረጨዋለች፤ በቃ። በሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ሆንዳ ጂኤክስ160 የተባለው 163 ሲሲ ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.58 ሊትር ነው። ከብረቱ መፋተግ የሚወጣው ዱቄት፣ የቤንዚኑ ጥቀርሻና የገባው አቧራ ሁሉ በዚያችው ግማሽ ሊትር ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ይህን ለመረዳት መካኒክ አያሻትም። ሦስት ቀን የተጠበሰበትና የጠቆረ ዘይት ላይ አንድ ጭልፋ አዲስ ዘይት ቢጨመርበት አዲስ አይሆንም፤ አዲሱም ይበላሻል እንጂ። መጨመርና መቀየር የማይገናኙ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ መቼ ይቀየር? ለዚሁ ለጠቀስኩት ሞተር አምራቹ ያወጣው ደንብ የመጀመሪያው በ20 ሰዓት ሥራ ወይም በአንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲቀየር ነው። ሌሎች አምራቾች በየ50 ሰዓቱ የሚሉም ስላሉ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ መመልከት ይገባል። አዲስ ማሽን ቶሎ የሚቀየርለት ብረቶቹ እርስ በርስ እስኪለማመዱ ብዙ ዱቄት ስለሚያወጡ ነው። ወይዘሮዋ በቀን አራት ሰዓት ቢጠቀሙባት 100 ሰዓት የሚሞላው በ25 ቀን ነው። እሳቸው የሠሩባት ግን ዓመታት ነው።

«እኔ በወር አንድ ቀን እንኳ አላስነሣትም» የሚሉ ቤተሰቦች ደግሞ አሉ። ለነሱ የስድስት ወሩ ደንብ አለላቸው። ክረምት ላይ ሞተር ለአጭር ጊዜ እየተነሣ ሲጠፋ ውስጡ ያለው እርጥበት ተንኖ ሳይወጣ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ሲያዩት ቀለሙ ወተት እንደገባበት ሻይ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ከካርቡራቶሩ ቤንዚን ወርዶበታልና እንዲያው አያስነሡት። የቤንዚኑን መዝጊያ ሁልጊዜ ከአገልግሎት በኋላ መዝጋት ይህን ያስቀራል።

በአዲስ አበባና በመሳሰሉት ደጋ ከተሞች ለምንኖር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ በ300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የሞተሩ ኃይል 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሚቀነሰው 28 በመቶ መሆኑ ነው። ሳጥኑ ላይ 2,000 ዋት የተጻፈባት ማሽን እኛ ዘንድ ስትደርስ 1,440 ያህል ብቻ ልትሰጥ ትችላለች። ወይዘሮዋ እያንዳንዳቸው 1,000 ዋት የሚወስዱ ሁለት ካስኮች ባንድ ላይ ይሰኩባት ነበር። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይግላል፤ ዘይቱም ቶሎ ያረጃል። ዐየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ በሚገባ ሳይቃጠል ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። እንጀራ ለመጋገር ያሰበች ካለችም ተስፋዋን ትቁረጥ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያም በላይ የሚወስድ ስለሆነ ትንሿ ማሽን አትችለውም።

እኔ ባለፈው ወር የራሴን ቀየርኩ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማሽኗን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ አምስት ደቂቃ ያህል አስነሥቼ አጠፋኋት፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥንና ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የካንዴላውን ቆብ ነቀልኩ፤ ይህ ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይነሣ ነው። ማርሚታው ይፋጃልና ከሱ ራቅሁ። የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ከፍቼ፣ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቼ፣ ሁሉም እስኪንጠባጠብ በአሮጌ ሣህን ተቀበልኩ። ቡሎኑን መልሼ አጥብቄ አዲሱን ዘይት እስከ ማስገቢያው ጠርዝ ሞላሁ። ከዚያ በላይ አይሞላም፤ ሲበዛም ጭስ ያመጣል። ለደጋው አየር 10ደብልዩ-30 የተባለው ዘይት ይበቃል፤ እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባለው ሙቀት 30 ቁጥሩም ይሆናል። ዘይቱን ከሶማሌ ተራም ሆነ ከነዳጅ ማደያ ስንገዛ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን ማየት ነው።

ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቼ በመጨረሻ ተሳሳትኩ። ከቡሎኑ ሥር የምትገባውን ቀጭን ቀለበት፣ ሮንዴላዋን፣ ሣህኑ ውስጥ ረስቻት ኖሯል። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አድሮ፣ ትንሹ ልጄ ጠዋት ረግጦት ሳሎን ምንጣፍ ላይ አራት ቆንጆ የእግር ምልክቶች አኖረ። የሮንዴላዋ ነገር አይረሳችሁ።

አዲስ የምትገዙም ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ከፋብሪካ የሚመጡት ዘይት ሳይኖራቸው ነው። ቤንዚን ብቻ ሞልቶ ያስነሣት ሰው በመጀመሪያው ቀን ያቃጥላታል።

ዘይት የማይቀየርላቸውም አሉ። በጣም ትንንሾቹ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚሞላላቸው ጄኔሬተሮችና በትከሻ ተንጠልጥለው የሚያጭዱት ሣር ማጨጃዎች ብዙውን ጊዜ የዚህ ወገን ናቸው። የዘይት ማስገቢያ ክዳን የላቸውም፤ ዘይታቸውን ከቤንዚኑ ጋር አቃጥለው ይጨርሱታል። አንዱ ለ50 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይደባለቃል። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ የሞላባት ሰው ሞተሯን በጥቂት ጊዜ ይገድላል። እዚህ ላይ እናቶችን አጥብቄ የምለምነው፣ ይህን ድብልቅ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንዳታስቀምጡ ነው። የተጠማ ልጅ ቀለሙን አይመረምርም።

በጎማ የሚገፋው የሣር ማጨጃ ግን እንደ ጄኔሬተሩ ነው፤ ዘይቱ ይቀየራል። የመሥሪያ ቤታችን አትክልተኛ ስለዚህ ስጠይቃቸው «በዓመት ሁለቴ፤ ሰኔ ላይ ሥራ ሳልጀምር፣ ጥቅምት ላይ ሣሩ ሲያቆም» አሉኝ። በክረምት ሣሩ በሳምንት አንዴ ስለሚታጨድ ሰዓቱ ቶሎ ይሞላል። ሲያጸዱት ሞተሩን ባገኙት ጎን አይደፉትም፤ የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ነው፤ አለዚያ ዘይቱ ማጣሪያው ውስጥ ይገባል። የካንዴላውን ሽቦ ሳይነቅሉም እጃቸውን ወደ ምላጩ አያስጠጉም። ማሽኑ ከኔ ቅጥር ይበልጣል፤ ከኔም ደህና ተይዟል።

የወጣው ዘይትስ የት ይግባ? ብዙዎቻችን ቱቦ ውስጥ እንደፋዋለን። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል እንደሚችል ይነገራል። የአዲስ አበባ ቱቦ ወደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ይወርዳል፤ በነዚህም ወንዞች ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ስለሆነም ዘይቱን ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሞ ዘይት ለሚቀይር ጋራዥ መስጠት ይሻላል፤ እነሱ አጠራቅመው ለሚወስዱት ያስረክባሉ። እንጨት ምስጥ እንዳይበላው እየተባለ አጥር የሚቀባበትም አለ፤ ልጆች የሚደገፉት አጥር ከሆነ ይቅር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በተደጋጋሚ ሲነካ በቤተ ሙከራ አይጦች ቆዳ ላይ ካንሰር ማስከተሉ ታውቋል። በጓንት መሥራት፣ ጓንት ባይኖር በፌስታል፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ስለ ጭሱ በአንድ ሐረግ ባላልፈው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደፈጀ እናውቃለን። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያው የከሰሉ ገዳይ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ማሽኗ በረንዳ ሥር፣ በኩሽና ወይም በመስኮት አጠገብ አትቁም። ስድስት ሜትር ያህል ርቃ፣ ማርሚታዋ ከቤቱ ዞሮ ይቀመጥ። ሌባ ይወስዳታል ብሎ ወደ ውስጥ የሚያስገባት ሰው በሰንሰለት ይሰራት እንጂ ከልጆቹ ጋር አያሳድራት።

የወይዘሮዋ ጄኔሬተር ተጠግና ተመልሳለች። የተነቀለውም ሽቦ በቦታው ተተክሏል። ሽማግሌው ሂሳባቸውን ሲቀበሉ «ደብተር ግዢ» ብለዋቸው ነበር። አሁን ከመስታወቱ ጎን፣ ቢጎዲኑ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ፣ አንድ የተማሪ ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል። ማሽኗ ስትነሣና ስትጠፋ ሰዓቱን የምትጽፈው ረዳቲቱ ናት፤ ማታ ማታ የምትደምረው ስድስተኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ናት፤ 100 ሲሞላ ቡሎኑን የሚፈቱት ራሳቸው ወይዘሮዋ ናቸው፤ አንድ ጊዜም ፈትተዋል። ባለፈው ዓርብ ፀጉሬን ልሠራ ገብቼ ሳየው ድምሩ 84 ደርሶ ነበር። ካንዱ መደርደሪያ ላይ፣ ከሻምፖው አጠገብ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ዘይት ተቀምጧል።